አሥራ ሁለቱ ጥራዞችና የደማሚት ጀርባ

አለነ ለበቅሎው ስም ሲያወጣ ማንንም አላማከረም። ከፍላቂት ገበያ ገዝቶ ሲያመጣት መንገድ ላይ አንድ ስልቻ ገብስና የራሱን የፊት ጥርስ በአንድ እርግጫ ስላበረረችለት «ደማሚት» አላት፤ ስሙም በዚያው ጸና። ከዚያ ወዲህ ባሉት ስምንት ዓመታት ግን አንድ ቀን እንኳ እግሯን አንሥታበት አታውቅም። ላሊበላ ውስጥ ሰው ሁሉ «አለነ በቅሎውን የሚስቱን ያህል ይወዳታል» ይላል። ሚስቱ ፈትለወርቅ ግን «ያህል» የምትለዋን ቃል አትቀበላትም፤ «ይበልጥ በሏት» ብላ ታርማቸዋለች።

ይወዳት እንጂ፣ ቢወዳት ምን ይገርማል? መሬቱ ጠባብ፣ ያውም ጭንጫ ነው። ጎጆውን ያቆመው ጭነት ነው፤ ገብስ ሲሆን ገብስ፣ ጨው ሲሆን ጨው፣ ሲመጣም ዳገቱ ያቃተው ምእመን። ደማሚት ተቀመጠች ማለት ቤቱ ሁሉ ተቀመጠ ማለት ነው። ስለዚህ በ1973 ዓ.ም. ጥር ላይ አንድ ማለዳ ጀርባዋን ሲዳብስ እጁ እርጥብ ነገር ሲነካ፣ ጭነቱን ትቶ ጎንበስ ብሎ አየ። በግራ በኩል፣ ከትከሻዋ ዝቅ ብሎ፣ የመዳፍ ያህል ተገጥቧል።

«ማነው እንዲህ ያረገሽ?» አላት። መልሱን ሁለቱም ያውቁታል፤ ሣጥኑ ነው።

የሣጥኑ ነገር እንዲህ ነው። በዚያን ጊዜ አገሩ ሁሉ ፊደል ይቆጥር ነበር። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ወደ ላስታ ሲዘልቅ፣ ጣቢያዎቹን እየዞረ የሚያዳርስ አንድ ጓዝ ከላይ መጣ፤ ገበሬ ማኅበሩም «ማን ይጫን?» ብሎ ሲመክር ዓይኑ አለነ ላይ አረፈ። በመጀመሪያው ዙር ጓዙ ቀላል ነበር፤ የፊደል ገበታ፣ ጠመኔ፣ ደብተር። በሁለተኛው ዙር ፋኖስና የላምባ ጀሪካን ተጨመረ፤ እሱም ይሁን፣ በጨለማ አይነበብም ተባለ። በሦስተኛው ዙር ግን ጠርዙ ብረት የሆነ የቆርቆሮ ሣጥን መጣ፤ ሲከፈት ውስጡ አሥራ ሁለት ጥራዝ። ስለ ከብት፣ ስለ ንብ፣ ስለ ወሊድ፣ ስለ ጉድጓድ ውሃ፣ ስለ ቆዳ፣ ብቻ ሰው ከተወለደ እስኪቀበር የሚያስፈልገውን ሁሉ የያዙ፣ ቢንተራሷቸው አንገት የሚያጣምሙ መጻሕፍት ናቸው። የአገሩ ሰው ቁጥራቸውን አየና «ሐዋርያቱ» አላቸው።

ጓዙ አንድ ሳምንት ነአኩቶ ለአብ ጣቢያ፣ አንድ ሳምንት ገነተ ማርያም ጣቢያ ይሰነብትና ወደ ላሊበላ ይመለሳል። ሐዋርያቱም አብረው ይዞራሉ። ማንም አያነባቸውም። ተማሪው ገና «ሀ ሁ» ላይ ነው፤ ማንበብ የሚችለው ካህን ደግሞ የመጻሕፍቱን መምጣት ሲሰማ እነሱ ወደሚቀጥለው ጣቢያ ተጉዘዋል። እንዲያው በእውነት ከተቆጠረ፣ ሐዋርያቱን ከማንም በላይ የምታውቃቸው ደማሚት ነበረች።

አለነ ወደ ዘመቻው አስተባባሪ ወደ መምህር ከፋለ ሄደ።

«መምህር፣ መጻሕፍቱን አንድ ቦታ እናስቀምጣቸው። የሚያሻው ይምጣና ይውሰድ። በቅሎዬ አለቀች።»

መምህር ከፋለ ደግ ሰው ነው፤ ጥላውን ግን ይፈራል። ግራ ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አያ አለነ፣ ወረቀቱ ‹ሙሉ ጓዝ› ነው የሚለው። ጎደለ ከተባለ የመንግሥት ንብረት ያባከነ ይባላል። ከዚያ ወዲያ እርስዎም እኔም...» አለና ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ተወው። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለውን ዓረፍተ ነገር የሚጨርስ ሰው አልነበረም።

አለነ ሦስት ቀን አሰበ። ደማሚት ከሄደች ቤቱ ሄደ፤ መጻሕፍቱን ሲያወጣ ከተያዘ ደግሞ ራሱ ሄደ። በአራተኛው ቀን ቁስሏን ሊያጥብ ሲጠጋ አንገቷን አዙራ አየችው። እኔ እዚያ አልነበርኩም፤ እሱ ግን «አየችኝ» ይላል፤ ለሃምሳ ሁለት ዓመት ሰው ይቺ ብቻ በቂ ምክንያት ሆነችው።

ከቤቱ ጎን የቅሬያቸው ዕቃ ቤት አለ። የሰፈሩ ቅሬ፣ ማለት የቀብር እድሩ፣ ድንኳኑን፣ ሦስቱን ትልልቅ ብረት ድስት፣ ጋኑንና አግዳሚ ወንበሩን እዚያ ነው የሚያኖረው። ዕቃ ጠባቂዋ ፈትለወርቅ ናት፤ ቁልፉ ከማተቧ ጋር ታስሮ አንገቷ ላይ ይውላል። እሷ ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ ቁልፉን በሆነ ዘዴ ወሰደና (ዘዴውን እስከ ዛሬ አልተናገረም) አሥራ ሁለቱን መጻሕፍት ተሸክሞ ገብቶ ከድንኳኑ ሥር ቀበራቸው። ሲወጣ ትከሻው ቀለለው። በቅሎዋም ከዛሬ ጀምሮ ትድናለች አለ።

ሁለት ሳምንት አለፈ፤ ጀርባዋ አልዳነም። አለነ ቅቤ ቀባ፣ ዝንቡን ረገመ፣ ፀሐዩን ረገመ። ቁስሉ እንዳለ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ፈትለወርቅ ስንቁን ልታኖርለት ሣጥኑን ከፈተች።

«አለነ» አለች ቀስ ብላ። «ይሄ ምንድን ነው?»

«ድንጋይ ነው።»

«ድንጋይ መሆኑንማ አየሁ።»

«ሚዛን ነው እንጂ!» አለ፣ እንዴት አይገባትም ብሎ እየተቆጣ። «በቀኝ በኩል ጀሪካኑና የፊደል ገበታው አለ። ሣጥኑ ባዶ ከሆነ ጭነቱ ያጋድላል። ያጋደለ ጭነት በቅሎ ይገድላል። የትኛውም ጫኝ በጎደለው ጎን ድንጋይ ነው የሚያስገባ።»

ፈትለወርቅ መቆም አቃታትና መሬት ላይ ተቀመጠች። ሳቋ ጎረቤት አስወጣ።

«ኧረ የላሊበላ ልጅ! አባቶችህ ድንጋዩን ፈልፍለው ደብር አደረጉት፤ አንተ ደግሞ ለገነተ ማርያም ታጉዘው ጀመር? እዚያ ድንጋይ ጠፋ አሉህ?»

አለነ መጀመሪያ ተኮሳተረ። ቀጥሎ ደማሚትን አየ፣ ድንጋዩን አየ፣ ከዚያ የጎደለ ጥርሱ እስኪታይ ሳቀ። ሃያ ዓመት ሙሉ ጭነት ሲያመዛዝን የኖረ እጁ፣ መጻሕፍቱን ባወጣ በዚያው ቅጽበት አቻቸውን ድንጋይ መርጦ አስገብቷል፤ ጭንቅላቱን ማንም አልጠየቀውም። ምስኪን ደማሚት በሐዋርያት ፋንታ ድንጋይ ተሸክማ ሁለት ሳምንት ስትዞር ከርማለች።

ሳቁ ሲበርድ ፈትለወርቅ ነገሩን ያዘች። «ድንጋዩ በምን ምትክ ነው የገባው?»

ነገራት። እሷ እንደ መምህር ከፋለ ግራ ቀኝ አላየችም፤ ቀጥ ብላ ዕቃ ቤቱን ከፈተችና ድንኳኑን ገለጠች። የተናደደችው መጻሕፍቱ ስለወጡ ሳይሆን ስለተደበቁ ነበር።

«ተደብቆ ከተገኘ አይደለም ወይ ሰረቀ የሚሉህ? አውጣው፣ ሁሉ ይየው! ቅሬው ትልቁን ድስት በየሳምንቱ በየደጁ ያዞረዋል? ሐዘን የደረሰበት መጥቶ ይወስደዋል እንጂ። ይሄም እንደዚያው ነው።»

በዚያው ቀን ከድስቶቹ በላይ መደርደሪያ አበጀች፤ አሥራ ሁለቱን ደረደረቻቸው። ሕጉም የቅሬው ሕግ ሆነ፤ የወሰደ ሰው መያዣ ይተዋል፤ መያዣውም ሳይመለስለት እንቅልፍ የማይወስደው ነገር መሆን አለበት። የቆርቆሮ ሣጥኑን የገብስ ማስቀመጫ አደረገችው፤ የቀረውን ጓዝ በሁለት ጆንያ እኩል ከፈለችና «ይኸው ሚዛንህ» አለችው።

«ጣቢያው ያለው ሰውስ በምን ያውቃል?» አለ አለነ።

«ፊደል የቆጠርከው ለምንድን ነው? ጻፍ!»

እውነቷን ነው፤ አለነ ባለፈው ዙር ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ፊደል ለይቷል። ለሰው የሚነበብ ነገር ጽፎ ግን አያውቅም። በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ምላሱን ባጣው ጥርስ በኩል አውጥቶ፣ ረፋዱን ሙሉ ሲያስብና ሲጽፍ ዋለ። ከጓዙ ዝርዝር ላይ፣ ሰባተኛ ተራ ቁጥር አጠገብ ያያዛት ብጣሽ ወረቀት እንዲህ ትላለች፦ «አሥራ ሁለቱ መጽሐፍ ላሊበላ ቅሬ ዕቃ ቤት ይገኛል። መያዣ ይዞ መምጣት ነው። አለነ።» ስሙን ባይጽፍ ይሻለው ነበር። ግን ደስ ብሎት ነበርና ጻፈው።

መጋቢት ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ማለዳ፣ አለነ ጓዙን ሊያነሣ ገነተ ማርያም ጣቢያ ሲደርስ ከጣቢያው መምህር ጠረጴዛ ኋላ የማያውቀው ሰው ተቀምጦ አገኘ። ተቆጣጣሪ ነው፣ ከወልድያ የመጣ፤ ጓድ ምናለ ይባላል። ወጣት ነው፣ ባርኔጣውን እስከ ቅንድቡ ዝቅ አድርጎ ደፍቷል፤ በእጁ የጓዙ ዝርዝር አለ።

«አንድ፣ የፊደል ገበታ። አለ። ሁለት፣ ጠመኔ። አለ።» እንዲህ እያለ ወረደ። «ሰባት፣ አሥራ ሁለት ጥራዝ መመሪያ ከነሣጥኑ።» ብጣሿን ወረቀት አነበባት፤ ደግሞ አነበባት። «አለነ ማነው?»

አለነ ወረቀቷን አወቃት። መካድ እንኳ አይቻልም፤ ፊርማው የራሱ ነው። «እኔ ነኝ ጌታው።»

«እንሂድ» አለ ጓድ ምናለ። «ያሉትን ቦታ ያሳዩኝ።»

ጓዙን ጫኑ። ተቆጣጣሪው ጫማው አዲስ ነበርና ዳገቱን ሲያይ ዓይኑን ወደ በቅሎዋ ጣለ፤ ጓዙን ለመምህሩ ትቶ እሱን ለመሸከም የምትበቃ መስላዋለች። አለነ ጥርት ባለ ድምፅ፣ «ጀርባዋ ገና ነው ጌታው፣ ሰው አትሸከምም» አለው። እንዲህ ነው እንግዲህ አለነ፤ እስር ቤቱ ከፊቱ ተደቅኖ እያየ፣ ለሚያሳስረው ሰው በቅሎውን ይከለክላል።

መንገዱን ሙሉ ጓድ ምናለ ያነክሳል፤ አለነ በልቡ ይናዘዛል። ፈትለወርቅ ብቻዋን እንዴት ትሆናለች፣ ደማሚትን ማን ያጠጣታል፣ ገብሱ መቼ ይታጨዳል፤ ይቺን ሁሉ እያሰበ ላሊበላ ሲገቡ ፀሐይ አዘቅዝቃለች።

ፈትለወርቅ ቁልፏን ከአንገቷ አወጣችና በሩን ከፈተች። ጓድ ምናለ ገባ። ከድስቶቹ በላይ መደርደሪያ አለ። መደርደሪያው ላይ አንድ መጽሐፍ የለም።

አለነ ጥፋቱን በልቡ ቆጠረ። ከሣጥን ያወጣቸው እሱ፣ ወረቀት ላይ የፈረመ እሱ፣ አሁን ደግሞ የሉም።

በመጻሕፍቱ ቦታ በተርታ የተቀመጡ ሌሎች ነገሮች ነበሩ፦ መቋሚያ፣ የብር አምባር፣ የሚዛን ድንጋይ፣ ጭራ፣ ማጭድ፣ ጃንጥላ፣ አዲስ ነጠላ፣ እንዲህ እያለ እስከ ዳር ድረስ።

«መጻሕፍቱስ?» አለ ተቆጣጣሪው።

«አሉ» አለች ፈትለወርቅ፣ ረጋ ብላ። «አሥራ ሁለቱም አሉ፣ ሰው እጅ ናቸው። አምባሩ ያዋላጇ የአመተ ጊዮርጊስ ነው፤ የወሊዱን ወስዳለች። የሚዛኑ ድንጋይ የቆዳ ነጋዴው የአብዱልሀሚድ ነው፤ ማንበብ ባይችልም ልጁ ታነብለታለች። መቋሚያው የመምሬ ገብረ መስቀል ነው፣ የነአኩቶ ለአቡ ካህን፤ የንቡን ይዘዋል።»

«በመዝገብ አልያዝሽውም?»

«እኔ አልጽፍም ጌታዬ። ግን አመተ ጊዮርጊስ ያለ አምባሯ ሠርግ የምትሄድ ይመስልዎታል?»

ጓድ ምናለ ሊመልስ አፉን ሲከፍት ከደጅ ሳል ተሰማ። መምሬ ገብረ መስቀል ናቸው፤ መጽሐፉን በነጠላቸው ጠቅልለው፣ ጃንጥላቸውን ይዘው፣ ከነአኩቶ ለአብ በእግራቸው መጥተዋል።

«እት ፈትለወርቅ፣ ነገ ሰንበት ነው፤ ያለ መቋሚያ ልቆም አልችልም። ግን የንቡን አልጨረስኩትም። መቋሚያዬን ስጪኝና ጃንጥላዬን ያዢልኝ፤ ሳምንት እመለሳለሁ።»

«ይግቡ አባቴ፤ ይኸው እንግዳ አለ።»

ተቆጣጣሪው መጽሐፉን ተቀብሎ ገለጠው። ገጹ ላይ ሰም ተንጠባጥቧል፤ ዳር ዳሩም ማር ቢጤ ይዞታል። መምሬ አፈሩ። «ይቅር በሉኝ፣ ቀፎው አጠገብ ሆኜ ስለማነብ ነው። ሦስቱ ሊኮበልሉ ነበር፤ አሁን ረግተዋል።»

ጓድ ምናለ የሰሙን ጠብታ በአውራ ጣቱ ዳበሰ። ከደረት ኪሱ ቅጹን አወጣና አንድ ዓምድ ላይ ዓይኑን ተከለ። «ይቺ ዓምድ ‹ያነበቡ ሰዎች ብዛት› ትላለች» አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር። «አራት ወረዳ ዞርኩ። በአራቱም መጻሕፍቱ ሣጥን ውስጥ አሉ፣ አንድ አልጎደለም። የታሰሩበት ሲባጎ እንኳ አልተፈታም።»

ተቆጣጣሪው መደርደሪያውን ደግሞ ቃኘና ዳር ላይ ወደተጠቀለለ የጠፍር ገመድ ጠቆመ። «ይሄስ የማነው?»

«የባሌ ነው» አለች ፈትለወርቅ። «የአባቱ መጫኛ ነው። ስለ ጭነት ከብት የሚያወራውን ወስዷል። ባሌ ቢሆንም ያለ መያዣ አልሰጠሁትም።»

«እውነት አንብበውታል? ወይስ ለወጉ ነው?» አለ ጓድ ምናለ ወደ አለነ ዞሮ።

አለነ አንገቱ ላይ ካንጠለጠለው ስልቻ መጽሐፉን አወጣ። ገጹ የተያዘው በገብስ ጭድ ነው። ጣቱን ፊደሉ ላይ አደረገ። እስር ቤት ቢባል ይሻለው ነበር፤ በዚህ ዕድሜው፣ በካህን ፊት፣ በሚስቱ ፊት!

«በ... ዳ... በዳገት አገር... ለአንዲት በቅሎ... ከስድሳ ኪሎ በላይ... አይጫንም።» ቀና አለ። «ይቺን ሳነብ ጓዙን ይዤ አብዱልሀሚድ ዘንድ ሄድኩ። በቆዳው ሚዛን መዘነልኝ። ከነሐዋርያቱ ዘጠና አራት ነው። ያለ እነሱ ሃምሳ ሦስት።»

«ይቀጥሉ» አለ ጓድ ምናለ። ሐዋርያት የሚለውን ቃል እንዳልሰማ ሆኖ አለፈው።

አለነ ቀጠለ። ቀጣዩን ዓረፍተ ነገር ከዚያ በፊት አልደረሰበትም ነበር፤ አንዷን መስመር ለመጨረስ ሳምንት ነው የሚፈጅበት። «ጀር... ጀርባዋ የቆሰለ እንደሆነ... እስኪሽር ድረስ... ፈጽሞ...» እዚህ ላይ ድምፁ ወረደ። «...ፈጽሞ አትጫን።»

መጽሐፉን አልዘጋውም፤ ጣቱንም አላነሣም። በበሩ በኩል ደማሚት ትታያለች፤ ሁለቱን ጆንያ እንደተሸከመች ቆማ ትጠብቀዋለች። የዛሬውን ጭነት የጫናት እሱ ነው። ባለፈውም ሳምንት፣ ከዚያ በፊትም እሱ ነው። ድንጋዩ ከወረደላት ወዲህ ቀለላት ብሎ ነበር የሚያስበው።

«ይቺን አላየኋትም ነበር» አለ። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ አላፈረበትም።

ጓድ ምናለ ወጣ። ሁሉም የሚጠራው ወታደር ካለ ብለው ጠበቁ። እሱ ግን እያነከሰ ወደ በቅሎዋ ሄዶ የመጫኛውን ቋጠሮ ይፈታ ጀመር፤ አፈታቱን ስለማያውቅ አለነ ሮጦ ደረሰለት። ሁለቱ ጆንያውን አወረዱ።

ጓድ ምናለ ተመልሶ በተደፋ ድስት ላይ ተቀመጠና ቅጹን ሞላ። ሰባተኛው ተራ ቁጥር ላይ «በጋራ ዕቃ ቤት ይገኛል፤ በአገልግሎት ላይ» ብሎ ጻፈ። ጉድለት በሚለው ላይ «የለም» አለ። ‹ያነበቡ› በምትለው ባዶ ዓምድ ላይ ደግሞ አሥራ ሁለት ብሎ ጻፈና ቁጥሯን ለጥቂት ጊዜ አያት።

«ይቺን መጽሐፍ ይዤ ልሂድ» አለ የበቅሎዋን አንሥቶ። «ሌላም አገር በቅሎ አለ። ገጿን ለአለቆቼ ላሳያቸው።»

ፈትለወርቅ በሩ ላይ ቆማለች። አለመንቀሳቀሷ ገባው። ኪሱን ዳበሰ፤ እስክሪብቶውን አሳያት፣ በእምቢታ ራሷን ነቀነቀች። ያለ እሱ እንቅልፍ የማይወስደው ነገር ምን እንዳለው አሰበና ባርኔጣውን አወለቀ። ራሱ መሐል ላይ መላጣ ነበር፤ በዚህ ዕድሜው! ለካ ቅንድቡ ድረስ የሚደፋው ለዚህ ኖሯል። ፈትለወርቅ ባርኔጣውን ተቀብላ መጫኛው የነበረበት ቦታ ላይ አኖረችው፤ መጫኛውን ለባሏ መለሰችለት።

አለነ የአባቱን መጫኛ ይዞ ጥቂት ቆመ፤ ደግሞ ደማሚትን አየ። ከዚያ ራሱ ሄዶ ከባርኔጣው ጎን ሰቀለው።

ከዚያ በኋላ አሥራ ሁለት ሳምንት ሙሉ ጓዙን በሰው ትከሻ ነው ያዞሩት። አንዱን ጆንያ አለነ፣ ሌላውን ከየጣቢያው የመጣ ተማሪ ይሸከማል። አለነ ዳገት ላይ በቆመ ቁጥር ወገቡን ይዞ ያማርራል፤ ደማሚትም ያለ ጭነት፣ በገዛ ፈቃዷ፣ ከኋላቸው ትከተላለች። ጓድ ምናለ መጽሐፉን በግንቦት መልሶ ባርኔጣውን ወሰደ፤ ፈትለወርቅ ሁለት ጊዜ አራግፋ አቆይታለት ነበር። የደማሚት ቁስል በሰኔ ሻረ። በቁስሉ ቦታ የበቀለው ጠጉር ነጭ ነው፣ የመዳፍ ያህል። አለነ ከዚያ ወዲህ ከመጫኑ በፊት ሁሌም እጁን እዚያች ነጭ ላይ ያሳርፍና ትንሽ ይቆያል።